ከተራራ ጫፍ በራዲዮ ስለ መነጋገር

ራዲዮ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ዜናና ዘፈን የሚያሰማው ሣጥን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላወሳ የፈለግሁት ግን ሌላ ዓይነት ራዲዮ ነው፤ ይኸውም የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚናገርም፣ በአንድ ተራ ሰው እጅ ሆኖ ከሌላ ተራ ሰው ጋር የሚያገናኝ ራዲዮ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አማተር ይባላሉ። ቃሉ በላቲን ቋንቋ «መውደድ» ከሚለው ግሥ የተወለደ ስለ ሆነ፣ አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ሥራውን ስለ ወደደው ብቻ የሚሠራ ማለት ነው። ከነዚህም ሰዎች መካከል መሣሪያቸውን፣ ባትሪያቸውንና ሽቦአቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ ወጥተው ከጫፉ ላይ የሚነጋገሩ አሉ። ተራራን የሚመርጡበት ምክንያት ምን እንደ ሆነና በተራሮች መካከል ለምንኖር ለእኛ ነገሩ ምን ያህል እንደሚቀርበን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እናቴ ይህን ሥራ እንደ ጀመርሁ ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ስልክ በኪስህ ይዘህ ሳለ ሽቦ ተሸክመህ ተራራ የምትወጣው ለምን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከእኔ ይልቅ ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ይመልሰዋል። አያቴ የሚኖሩት ከዱራሜ ወዲያ በተራራ ሥር በሚገኝ መንደር ነው። ዝናቡ ብዙ ቀን ስለ ጣለ በመጀመሪያ መብራት ጠፋ፤ ከመብራቱም በኋላ የአካባቢው ስልክ ዝም አለ። በዚያው ሰሞን አያቴ በጠና ታመሙ። ወሬው ሆሳዕና የደረሰን አንድ ዘመዳችን በጭቃ መንገድ ተጉዞ በሦስተኛው ቀን ነው። አያቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነዋል። ዳሩ ግን እናቴ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምንም ሳታውቅ ገበያ ወጥታ ከጎረቤት ጋር ስትሳሳቅ እንደ ዋለች እያስታወሰች እስከ ዛሬ ታዝናለች።

በኪሳችን የያዝነው ስልክ ብቻውን የሚሠራ አይደለም። ድምፃችን በአቅራቢያው ወዳለው ማማ ይሄዳል፤ ማማው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከሌላው ማማና ከዋናው ጣቢያ ጋር የሚያገናኘው መሥመርም ያስፈልገዋል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሁለት ስልኮች በአንድ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ቢሆኑ እንኳ መደዋወል አይችሉም። የአማተር ራዲዮ ግን በመካከሉ ማንንም አያስገባም። ከአንዱ አንቴና የወጣው ሞገድ አየሩን አቋርጦ ወደ ሌላው አንቴና ይገባል፤ አለቀ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ ስንት ምሰሶ እንደ ተተከለ ማሰብ ነው፤ ራዲዮ ምሰሶ አይሻም።

ነገር ግን ሞገድም የራሱ ድካም አለው። አጫጭር የሆኑት ሞገዶች፣ ለምሳሌ አማተሮች የሚጠቀሙባቸው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያሉት፣ እንደ ብርሃን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ርቀት ያደክማቸዋል እንጂ አያቆማቸውም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት አንድ አራተኛ ይሆናል። ኮረብታ ግን ይዘጋቸዋል። ለዚህ ነው 50 ዋት ያለው ሰው ገደል ውስጥ ሆኖ ሲጮኽ የማይሰማው፣ 5 ዋት ብቻ ያለው ሰው ግን ከተራራ ጫፍ ሲናገር በሩቅ አገር የሚሰማው። አባቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁት ነበር፤ ከብት ሲጠፋ ወይም ሰው ሲሞት የሚጣራው ሰው ወደ ጉብታ ይወጣ ነበር እንጂ ወደ ሸለቆ አይወርድም ነበር።

ሒሳቡን ለሚወዱ ጓደኞቼ ልጨምር። በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያይ ለማወቅ የዓይኑን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 ማባዛት ነው። ዓይኑ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ያለ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል፤ ከዚያ ወዲያ የመሬት ክብነት ይጋርደዋል። ከሜዳው 1,200 ሜትር ከፍ ባለ ተራራ ላይ የቆመ ሰው ግን 124 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። አየሩ የራዲዮን ሞገድ ወደ መሬት በጥቂቱ ስለሚያጐብጠው ለራዲዮ በ3.57 ፈንታ 4.12 ይወሰዳል፤ ስለዚህ ያው ሰው በራዲዮ 143 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ ሁሉ በመካከል ሌላ ተራራ ከሌለ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ተራራ የማይጠፋ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንደ ወሰን እንጂ እንደ ተስፋ መውሰድ አይገባም።

ረዘም ያሉት ሞገዶች፣ ማለት ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያሉት፣ ሌላ ዘዴ አላቸው። ከመሬት በላይ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ አዮኖስፌር የሚባል፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሞላው የአየር ክፍል አለ። እነዚህ ሞገዶች ወደዚያ ወጥተው እንደ መስተዋት ብርሃን ተመልሰው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይወርዳሉ። ይህ ክፍል በተለይ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ልዩ ጠባይ አለው፤ ያም መሥመር በአገራችን ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመውም ይህንኑ መነሻ በማድረግ ነው። የፀሐይ ጉልበት በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሊቃውንት ፀሐይ ከከፍተኛው ደረጃዋ መድረሷን አስታውቀዋል። ለራዲዮ ሰው ይህ ለገበሬ የመልካም ክረምት ወሬ እንደ ማለት ነው።

ታሪኩም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያናዊው ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከእንግሊዝ አገር የተላከውን የሞርስ ምልክት፣ ማለት ለኤስ ፊደል የሚሆኑትን ሦስት ነጥቦች፣ አትላንቲክን ተሻግሬ ሰማሁ ያለው በኒውፋውንድላንድ ደሴት በአንድ ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው። ኮረብታው አልበቃ ብሎት አንቴናውን በነፋስ በሚበር ወረቀት መሰል ነገር፣ ልጆች በሚያበሩት ዓይነት፣ ወደ ሰማይ አንሥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ መንግሥት ሕግ ሲያወጣ ረጃጅሞቹን ሞገዶች ለመርከቦችና ለባለሥልጣኖች ሰጥቶ፣ አማተሮችን ከ200 ሜትር በታች ወዳሉት አጫጭር ሞገዶች አባረራቸው፤ ያን ጊዜ እነዚህ ሞገዶች የማይረቡ ናቸው ይባል ነበር። ርስት ሲከፋፈል ለታናሹ ወንድም ድንጋያማውን መሬት እንደ መስጠት ነው። አማተሮቹ ግን ድንጋዩን ቆፈሩት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923 በ110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ በአሜሪካና በፈረንሳይ ያሉ አማተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖሱን ተሻግረው እየተመላለሱ ተነጋገሩ። ድንጋያማው መሬት ከሁሉ የለማ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ጣቢያዎች በአጭር ሞገድ ወደ ሩቅ አገር ማሠራጨት የጀመሩት በዚያ ምክንያት ነው።

ተራራ እየወጡ መነጋገርን በሥርዓት ያደራጀ አንድ ዓለም አቀፍ ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2 ቀን 2002 በእንግሊዝ አገር ተጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጨዋነትም አለበት። ተራራው በዙሪያው ካለው መሬት በልጦ የሚታይ መሆን አለበት፤ በብዙ አገር 150 ሜትር ይጠየቃል። የመጨረሻውን መንገድ በሞተር መሄድ አይፈቀድም፤ መሣሪያው ከመኪና ኤሌክትሪክ መውሰድ አይችልም፤ ነዳጅ በሚጠጣ ጄኔሬተርም መሥራት ክልክል ነው። ከጫፉ ላይ ከአራት ጣቢያዎች ጋር የተነጋገረ ሰው እንደ ተራራው ከፍታ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ያገኛል። ከታች ቤቱ ተቀምጦ ወጪውን የሚጠብቀው ሰውም የራሱ ነጥብ አለው፤ እኔ ይህን ክፍል ወድጄዋለሁ፤ የሚሰማ ከሌለ የሚናገር ከንቱ ነውና።

የእኛ ተራራ አምበሪቾ ነው፤ ሀምበሪቾ የሚሉትም አሉ። ከሆሳዕና ወደ ደቡብ፣ ከዱራሜ አጠገብ የሚገኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ለከምባታ ሕዝብ የታሪክ ተራራ ነው፤ የጥንቶቹ ነገሥታት፣ ማለት ወማዎቹ፣ ታሪክ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ወደ ጫፉ የሚያወጡ 777 ደረጃዎችም ተሠርተውለታል። በጥር ወር አምስት ተማሪዎች ሆነን ከፊዚክስ መምህራችን ጋር በወጣን ጊዜ ሁላችንም ደረጃዎቹን ቆጠርን፤ አምስታችንም የተለያየ ቁጥር አገኘን። መምህራችን ስድስተኛ ቁጥር ነበራቸው፤ እኛም የእርሳቸውን ትክክል ነው ብለን ተቀበልን።

የማሠራጫ ፈቃድ ስለ ሌለን የያዝነው መቀበያ ብቻ ነበር፤ በእጅ የሚያዝ፣ የአማተሮችን ንግግርና ሞርስ መለየት የሚችል ትንሽ ራዲዮ ነው። አንቴናውን ራሳችን ሠራነው። ለ14 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ግማሹን ወስዶ ጥቂት ማሳጠር ነው፤ ወደ 10 ሜትር ይመጣል። ይህን ከመካከሉ ቆርጠን በሁለት በኩል አምስት አምስት ሜትር ሽቦ አደረግን። መካከሉን በቀርከሃ ጫፍ ላይ አስረን አቆምነው፤ ሁለቱን ክንፎች እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አውርደን በገመድ ከድንጋይ ጋር አሰርናቸው። ቀርከሃውን የተሸከመው ልጅ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ነበር፤ ከላይ ስንደርስ ግን ከሁሉ የሚኮራው እርሱ ሆነ።

ከሁሉ በፊት ያስደነቀኝ የሰማሁት ድምፅ ሳይሆን ዝምታው ነው። ይኸው መቀበያ በሆሳዕና በቤታችን ሲከፈት እንደሚጠበስ ቡና ይንጫጫል፤ ምክንያቱም የስልክ ቻርጀሩ፣ አምፖሉ፣ የጎረቤት ወፍጮና የመብራት መሥመሩ ሁሉ የየራሳቸውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ወደ አየሩ ይለቃሉ። በተራራው ላይ ያ ሁሉ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ደካማ ድምፅ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል። በመዝገባችን ላይ የኬንያ፣ የሕንድ፣ የጣሊያንና የሩሲያ ጣቢያዎችን ጻፍን፤ አገራቸውን የምናውቀው በጥሪ ምልክታቸው መጀመሪያ ነው። የኬንያው 5ዜድ ብሎ ይጀምራል፤ የሕንዱ ቪ.ዩ. ይላል። የጣሊያኑ ሰው «ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» እያለ ይጣራ ነበር፤ ይህ በአማተሮች ቋንቋ «የሚሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው። አንዲት ጓደኛችን ራሷን መግታት አቅቷት «አቤት!» አለችው። መቀበያ ብቻ መሆኑን ስለምናውቅ ሁላችንም ሳቅን፤ ሆኖም ሰውየው መልስ ሳያገኝ ደጋግሞ ሲጣራ ማዳመጥ ትንሽ ያሳዝን ነበር።

ቆጮአችንን በአይብ በልተን ከጨረስን በኋላ ዙሪያውን ተመለከትን። በምሥራቅ በኩል የቢላቴ ወንዝ ወዳለበት ሜዳና ወደ ሀላባ የሚወርደው አገር ይታያል። ከእግራችን በታች የአያቴን መንደር ባሕር ዛፎች ለየሁአቸው። በሰሜን በኩል ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ አየን፤ አንዱ ሆሳዕና ናት አለ፤ ሌላው አይደለችም ብሎ ተከራከረ፤ በኮምፓስና በካርታ ስንመረምረው አቅጣጫው የሆሳዕና ሆነ። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ከአያቴ መንደር ሆሳዕና አትታይም፤ ከሆሳዕናም መንደሩ አይታይም፤ በመካከል ያለው መሬት ይጋርዳቸዋል። ከጫፉ ላይ ግን ለሁለቱም አቅጣጫ የሚጋርደን ነገር አልነበረም። ባለፈው ክረምት ፈቃድ ያላቸው ሦስት ሰዎች ቢኖሩ፣ አንዱ በመንደሩ፣ አንዱ በሆሳዕና፣ አንዱ በዚህ ተራራ ላይ ሆነው በእጅ የሚያዝ አምስት ዋት ራዲዮ ቢይዙ፣ ሦስት ቀን የፈጀው ወሬ በሦስት ደቂቃ ይደርስ ነበር። በተራራው ላይ ያለው ሰው ከአንዱ የሰማውን ለሌላው ይናገራል፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ይህ የተማሪ ሕልም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለችው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታች ጊዜ ከመቶ 95 የሚሆኑት የሞባይል ስልክ ማማዎች ሥራ አቁመው ነበር። የአሜሪካ ቀይ መስቀል እርዳታ በጠየቀ ጊዜ 22 አማተሮች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ደሴቲቱ ሄዱ፤ «ደኅና ነን» የሚለውን የብዙ ቤተሰብ መልእክትም አስተላለፉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአማተር ራዲዮ ኢትዮጵያ አዲስ አይደለችም። በዓለም አቀፍ ድልድል የተሰጣት የጥሪ ምልክት ኢ.ቲ. ነው። በቀድሞው ዘመን ይሠሩ የነበሩ ጣቢያዎች ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ሥራው ታግዶ ቆየ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ባሉት ዓመታት እንደገና ተነሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአምስት ኪሎ፣ ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. የተባለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠለጠኑበት ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ የአማተር ድምፅ ጥቂት ስለ ሆነ በውጭ አገር በጣም ይፈለጋል፤ ኢ.ቲ. የሚል ጥሪ ሲሰማ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይጣራል። ከተነጋገሩም በኋላ ለማስታወሻ ፖስት ካርድ መሰል ካርድ ይላላካሉ፤ ኪው ኤስ ኤል ይባላል።

ያለ ፈቃድ ማሠራጨት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአውሮፕላንና የአምቡላንስ ሞገድ ውስጥ እንደ ልቡ የሚገባ ሰው ሊገድል ይችላልና። ሞገዱን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ራዲዮ ከነጋዴ ገዝቶ ወዲያው መናገር መጀመር አይቻልም። የኤሌክትሪክን ሕግ፣ የሞገድን ጠባይና የመነጋገሩን ሥርዓት መማር ይቀድማል፤ ከዚህም ብዙው በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ ያለ ነው። ለፈተና ብቻ ስናጠናው የሰለቸን ምዕራፍ በተራራ ላይ ሥጋ ለብሶ ሲታይ ሌላ ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በተራራ ላይ የሚያስፈራው ራዲዮው ሳይሆን መብረቅ ነው። በጫፍ ላይ የቆመ ቀርከሃና ሽቦ መብረቅን መጥራት ነው። ስለዚህ የምንወጣው በበጋ ብቻ ነው፤ ደመና መጠራቀም ሲጀምር አንቴናው ይወርዳል፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ሽቦውን ለመሰብሰብ እንኳ ሳይቆዩ መውረድ ነው። በጥሩ ጉዞአችን ላይ መምህራችን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በጉራጌ ተራሮች በኩል ደመና አይተው ውረዱ ባሉን ጊዜ አንድ የሞርስ ጣቢያ ገና በግማሽ ጽፈን ነበር፤ እንደ ጀመርነው ተውነው።

ከክፍላችን ሁለት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ስለ ፈቃዱ ለመጠየቅ አስበዋል፤ አንደኛው እኔ ነኝ። መቀበያው በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይከፈታል፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችም መምጣት ይችላሉ። የሚመጣ ሰው ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ የሞርስ ፊደል የተጻፈበት ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ ተለጥፎአል። አሥር ሜትር ሽቦ ያለው ቢኖር ደግሞ ይዞ ቢመጣ እንወዳለን፤ የመጀመሪያውን ከተራራው ስንወርድ እሾህ ያዘውና ተቆረጠብን።